ምዕራፍ ሰባት፦ የኩሬው ትርፍና የወንዙ ዕዳ

፩. ማጥመድና ማርባት

የሰው ልጅ ከውሃ ውስጥ ምግቡን የሚያገኝበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሲሆን፣ አንደኛው ባሕርና ሐይቅ ያለ ማንም ድካም ያሳደጉትን በመረብና በመንጠቆ ማጥመድ፣ ሁለተኛው ደግሞ የውሃውን ፍጥረት በኩሬ ከልሎ፣ መኖ ሰጥቶና ከበሽታ ጠብቆ ማርባት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙያ ብቻ አያበቃም፤ የንብረትም ልዩነት አለበት። በሐይቅ ውስጥ የሚዋኘው ዓሣ ከመረብ እስኪገባ ድረስ ባለቤት የለውም፤ በኩሬ ያለው ግን ከዕንቁላሉ ጀምሮ የባለ ኩሬው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ስኮት ጎርደን የተባለው የካናዳ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ዓሣ አጥማጆች በበረከት በተሞላ ባሕር ዳር ተቀምጠው ስለ ምን ድኾች ሆነው እንደሚቀሩ ሲያስረዳ፣ ባለቤት በሌለው ውሃ ላይ ትርፍ በታየ ቊጥር አዲስ ጀልባና አዲስ መረብ እየተጨመረ፣ ትርፉ በብዙ እጆች ተከፋፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ሩጫው እንደማይቆም አሳይቷል።

ከዚህ ትምህርት ብዙ ሰዎች ያወጡት መደምደሚያ፣ ከማጥመድ ወደ ማርባት የተሻገረ ሕዝብ ከዚህ ደዌ ይፈወሳል የሚል ነበር። አሳቡ ለኅሊና የቀረበ ቢሆንም፣ የሽሪምፕ እርባታ ባለፉት ስልሳ ዓመታት በእስያና በላቲን አሜሪካ ያለፈበት ታሪክ ጎደሎነቱን ገልጦታል፤ እንስሳው የግል ንብረት ሲሆን፣ የሚዋኝበት ውሃ የጋራ ሆኖ ቀርቷልና። ባለ ኩሬው የሚሸጠውን እንጂ የሚያበላሸውን አይመዝንም፤ የሚያበላሸውም ነገር በሚዛን ላይ ስላልወጣ ብቻ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ በሌላ ሰው ደጅ ይቆማል። የዚህ ምዕራፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ሽሪምፕም ከእኛ የራቀ ፍጥረት ይሁን እንጂ፣ የሒሳቡን ስሕተት በዐይን ለማየት በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦ ወደሚያልፈው ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ መውረድ ይበቃል።

፪. የሦስት ወር ሰብል

ሽሪምፕ አሥር እግሮች ያሉት፣ ሰውነቱ በጠንካራ ልባስ የተሸፈነ፣ ብዙውን ጊዜ ከጣት እምብዛም የማይበልጥ የውሃ ፍጥረት ነው። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ዕንቁላል ትጥላለች፤ ነገር ግን ከዕንቁላሉ የሚወጣው ረቂቅ ፍጥረት መልኩንና ምግቡን ደጋግሞ እየለወጠ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ በሰው እጅ ለማሳደግ ረጅም ዘመን አስቸግሮ ነበር። ይህን ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጃፓን ሞቶሳኩ ፉጂናጋ የተባለ ተመራማሪ መፍታት ጀመረ፤ በ1960ዎቹም መጨረሻ በታይዋን የሚገኙ ሊቃውንት ጥቁር ነብር የሚባለውን ትልቁን የሽሪምፕ ዘር በገንዳ ውስጥ ማስፈልፈል በቻሉ ጊዜ፣ ከባሕር ተጠምዶ ይመጣ የነበረው የጌቶች መባልዕት እንደ ማናቸውም ሰብል በዕቅድ የሚመረት ሸቀጥ ሆነ።

ሀብታሞችና ባንኮች ወደዚህ ሥራ የተሽቀዳደሙበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሽሪምፕ ጫጩት ኩሬ ከገባ በኋላ በሦስትና በአራት ወር ለገበያ ይደርሳል፤ ስለዚህ የተበደረ ሰው ዕዳውን ከፍሎ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ምርት ሊያወጣ ይችላል። ዋጋው በዶላር ነው፤ ገዢዎቹም ጃፓን፣ አሜሪካና አውሮፓ ናቸው። መሬቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥታት ጠፍ ነው ብለው የናቁት፣ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅልበት የባሕር ዳር ረግረግ ስለ ነበረ፣ በርካሽ ወይም በነጻ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ፈጣን ሰብል፣ ጠንካራ ገንዘብና ርካሽ መሬት በአንድ ቦታ ሲገናኙ፣ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለ ገንዘብ አይገኝም።

ወደ ኩሬው ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን የሥራው ዕጣ የሚቈረጠው በመኖ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ግማሹን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን የሚወስደው መኖ ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ሽሪምፕ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ መኖ ይገባል። ገበሬው መኖውን በኩሬው ላይ ከበተነ በኋላ፣ ጥቂቱን በወንፊት በተሠራ ትሪ ላይ አድርጎ በገመድ ወደ ወለሉ ያወርድና፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ ስቦ ያወጣዋል። ትሪው ባዶ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይጨምራል፤ መኖ ተርፎ ካገኘ ይቀንሳል፤ በትሪው ላይ የተረፈው ሁሉ በኩሬው ወለል ላይ የተረፈው ምሳሌ ነውና። ያ የተረፈው መኖ ከእንስሳው ኵስ ጋር ሆኖ እየበሰበሰ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል፤ ኦክስጅኑም ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ስለ ሆነ፣ ብዙ ሽሪምፕ ያጨቀ ባለ ኩሬ ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን የሚመታ ባለ መቅዘፊያ ሞተር ሲያሠራ ያድራል። መብራት በሄደበት በአንድ ሌሊት የሦስት ወር ድካም በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሊነጋ ይችላል።

እንደ ድሮው በሚያረቡበት ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚገኘው ሽሪምፕ ጥቂት ነው፤ በዘመናዊው ኩሬ ግን ከመቶ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቊጥሩ በበዛ መጠን ምርቱ ይበዛል፤ ነገር ግን መኖውም፣ ፍሳሹም፣ ብድሩም አብረው ይበዛሉ። ብድር ያለበት ሰው ደግሞ ኩሬውን ሊያሳርፍ አይችልም።

፫. የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ

ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1987 ከዓለም ቀዳሚዎቹ አምራቾች አንዷ ነበረች፤ በ1988 ምርቷ ከግማሽ በታች ወረደ። ቻይና በ1993፣ ኤኳዶር በ1999፣ ታይላንድም ከ2012 ወዲህ ይህንኑ ዕጣ ቀምሰዋል። ከነዚህ መካከል በቻይናና በኤኳዶር የደረሰውን ጥፋት ያመጣው ነጭ ነጥብ የተባለው የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ኩሬ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። በየአገሩ የበሽታው ስም ቢለያይም፣ የመስፋፋቱ መንገድ አንድ ዐይነት በመሆኑ፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ከሐኪሙ ይልቅ ይህን መንገድ ሊመረምረው ይገባል።

በአንድ ቦይ ዳር መቶ ባለ ኩሬዎች ቢሰለፉ፣ ሁሉም ንጹሕ ውሃ የሚስቡትና ቆሻሻ ውሃ የሚለቁት በዚያው ቦይ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ይሆናል። ከመቶው አንዱ ኩሬው ውስጥ ነጭ ነጥብ ያየ እንደ ሆነ፣ ሽሪምፑ ሞቶ ሳያልቅ ያለውን ለቅሞ ለመሸጥ ሲል ውሃውን ወደ ቦዩ ይለቀዋል፤ ይህም ለእርሱ ብቻ ሲታሰብ ብልሃት ነው፤ ከጥፋት ጥቂቱን ያድናልና። የተለቀቀው ውሃ ግን በሽታውን ለዘጠና ዘጠኙ ያደርሳል። ባለ ኩሬው ውሃውን አክሞ ቢለቅ ወጪው የእርሱ ብቻ፣ ጥቅሙ ግን የጎረቤቶቹ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሳይከፋ፣ ሁሉም አስልቶ፣ ሁሉም ይጠፋል። አርተር ፒጉ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው በሥራው ለሌላው የሚያተርፈው ጉዳት በዋጋ ተተምኖ በግብር መልክ ካልተመለሰበት፣ ገበያው ራሱን ሊያርም እንደማይችል ያስረዳው ይህንኑ ነው።

ከቦዩ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ተጎድቷል። የማንግሮቭ ደን ዓሣዎች የሚዋለዱበት፣ ማዕበልም የሚበርድበት ስፍራ ነው፤ ደኑ ተመንጥሮ ኩሬ በተቈፈረበት የባሕር ዳር፣ ዓሣና ሸርጣን ለቅሞ ያድር የነበረው ድኻ ያጣው ነገር በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። በታይላንድ ከባሕር በራቀው የሩዝ አገር ያሉ ገበሬዎች የጨው ውሃ በቦቴ መኪና እያስመጡ በጣፋጭ ውሃ መካከል ሽሪምፕ ማርባት በጀመሩ ጊዜ፣ ጨው ወደ ጎረቤት ማሳ እየሰረገ ሩዙን ለአደጋ ስላጋለጠው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ዐይነቱን እርባታ ከልክሏል። በህንድም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፣ በተከለለው የባሕር ዳር የተቈፈሩ ኩሬዎች እንዲፈርሱና አጥፊው ለጥፋቱ እንዲከፍል አዘዘ፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ ኩሬው ብዙ ሰው የሚተዳደርበት፣ ወደ ውጭ የሚላከውም ምርት ለመንግሥት ብዙ ዶላር የሚያስገባ ሆኖ ነበርና፣ በ2005 የወጣው የባሕር ዳር እርባታ ሕግ ያንን ክልከላ አልፎ እርባታው በፈቃድ እንዲቀጥል አደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ትርፍ አስቀድሞ ሥር ከሰደደ፣ ኋላ የሚመጣው ሕግ ከትርፉ ጋር ይደራደራል እንጂ አይገዛውም።

በአንጻሩ የኤኳዶር ታሪክ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ከ1999ኙ ጥፋት በኋላ አርቢዎቿ ከበሽታው የተረፉትን ሽሪምፖች ለዘር እየመረጡ፣ በሰፊ ኩሬ ላይ በልክ ማርባትን በመያዛቸው፣ አገሪቱ ዛሬ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ እየላከች በዓለም የላኪዎች ፊታውራሪ ሆናለች። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ያሉት አበው ሽሪምፕን ባያውቁትም ነገሩን አልሳቱትም።

፬. ለእኛ የሚሆነውና የማይሆነው

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳር የላትም። ቅርባችን በሆነው በምጽዋ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በቀይ ባሕር ውሃ ሽሪምፕ የሚያረባ፣ ከኩሬው የሚወጣውንም ፍሳሽ ወደ ባሕር ከመልቀቅ ይልቅ ሳሊኮርኒያ ለሚባል ጨው ለሚችል ተክል ማዳበሪያ የሚያደርግ እርሻ ተቋቁሞ ነበር፤ ይህም ፍሳሹን በሒሳብ ውስጥ ያገባ የተመሰገነ አሳብ ሳለ፣ ሥራው በ2003 ተቋርጧል። ከውስጥ ያሉን ጨዋማ ሐይቆች፣ ሻላና አቢጃታን የመሳሰሉት፣ ጨዋማነታቸው ከሶዳ የመጣ በመሆኑ የባሕርን ውሃ አይተኩም። በጣፋጭ ውሃ የሚኖረውም ትልቁ የሽሪምፕ ዘመድ እንኳ ጫጩቱ ጨው ቀመስ ውሃ ይሻል፤ ሙቀትም ይወዳል፤ አዲስ አበባና አካባቢዋ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ የሆነ ደጋ ነው።

ከዚህም በቀር የገበያው ጠባይ አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ያዝዛልና፣ ይህን ሥርዓት ከአባቱ የወረሰ ምእመን ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛን እንኳ ሲጸየፍ፣ በገዛ አገሩ ገበያ የሽሪምፕ ደንበኛ ሊሆን አይችልም። በሳር ቤትና በጎፋ አካባቢ ባሉ ሱፐርማርኬቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ የሚታየው ሽሪምፕ ከውጭ የሚመጣና ለሆቴልና ለጥቂት ቤቶች የሚሆን ነው። ስለዚህ ማንም በአገራችን ሽሪምፕ ላርባ ብሎ ቢነሣ ምርቱ ለውጭ ገበያ ብቻ ይሆናል ማለት ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር የሚያመጣ ሸቀጥ ሁሉ በብር ሲሰላ ትርፉ ገዝፎ ስለሚታይ፣ እንዲህ ያለው ፈተና አይቀሬ ነው። ምንዛሪው ሲለወጥ የዶላሩ ዋጋ በብር ከፍ ይላል፤ የሚጠፋው ውሃ ግን ቀድሞም ዋጋ ስላልተሰጠው በዜሮነቱ ይቀራል።

ዓሣ ግን ሌላ ነው። በሑዳዴ ወራት በጀሞ ወይም በለቡ በኩል የሚያልፍ ሰው ዓሣ ቤቶቹ በምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚጨናነቁ ያያል፤ ከዝዋይ፣ ከቆቃና ከአርባ ምንጭ በበረዶ ታጭቆ በሌሊት የተጫነው ሳጥን ጠዋት ይራገፍና፣ ቆራጩ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ አንሥቶ ከጉንጩ ሥር ቢላዋ አግብቶ አከርካሪውን ተከትሎ እስከ ጭራው ይስባል፤ ገልብጦም ሁለተኛውን ወገን ያወጣና ቆዳውን ገፍፎ ፊሌቶውን ብቻ ወደ ሚዛን ይጥለዋል። ከሦስት ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ አንድ ኪሎ ያህል ነው። ራሱና አጥንቱ፣ ለሾርባ ከሚፈለገው በቀር፣ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ይህ የሚጣለው ሁለት እጅ ተፈጭቶ ለዶሮና ለዓሣ መኖ ሊሆን የሚችል፣ ዛሬ ግን ወጪ እንጂ ገቢ የማይታይበት ሀብት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የመምህራን ነውና ለእነርሱ እንተወው፤ ለእኛ የሚበቃን በሃምሳ አምስቱ ቀን የዓሣ ዋጋ እንደሚወጣ፣ ከፋሲካም በኋላ እንደሚወርድ ማወቅ ነው።

ሐይቅ ይህን የዋጋ ወቅት ሊጠብቅ አይችልም፤ እንዲያውም በጾሙ ወራት ገበያው ሲደራ በሐይቁ ላይ መረቡ ይበዛበታል። በጣና ላይ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎችና በቤተ ክርስቲያን ርዳታ ከገቡ በኋላ፣ በሌላ ዓለም የማይገኙት የጣና ባርበስ ዓሣዎች ለመውለድ ወደ ወንዝ አፍ በተሰበሰቡበት ጊዜ እየተጠመዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የሚያዘው መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። በጫሞም ነጭ ዓሣ እንዲሁ ሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የአገራችን ውሃዎች በዓመት 94,500 ቶን ያህል ዓሣ ሊሰጡ እንደሚችሉ ይገምታል፤ ነገር ግን ይህ አኀዝ ከሁሉም ውሃ የተደመረ በመሆኑ፣ ሩቁ ውሃ ሳይነካ ለመንገድ የቀረበው ሐይቅ ሊራቆት እንደሚችል አይነግረንም። ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ዓሣ 1 ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ያህል ነው።

እንግዲህ ኩሬ ከሐይቅ የሚበልጥበት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ባለ ኩሬው ጫጩቱን መቼ እንደሚጨምር ራሱ ይወስናል። በቆላና በወይና ደጋ ያለ ገበሬ በክረምት ማብቂያ የቆሮሶ ጫጩት ቢጨምር፣ ምርቱን በየካቲትና በመጋቢት፣ ዋጋው በወጣበት ሰዓት ሊያነሣ ይችላል። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማእከልም ለአሥርት ዓመታት ጫጩት እያባዛ ለግድቦችና ለኩሬዎች ሲያከፋፍል ኖሯል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው ዘመቻ ደግሞ ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጋር ዓሣንም በመያዙ ኩሬ መቈፈር የዘመኑ ሥራ ሆኗል። ነገር ግን የኩሬው ዓሣ የሚበላው ፉርሽካና ፋጉሎ ላሟም ዶሮዋም የሚበሉት ነው፤ የመኖ ምርት ሳይጨምር ኩሬ ብቻ ቢበዛ፣ ተጨማሪ ዓሣ የሚገኘው በወተትና በዕንቁላል መወደድ ይሆናል።

፭. ከመካኒሳ እስከ ቆቃ

ትንሹ አቃቂ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ተራሮች ተነሥቶ፣ መካኒሳንና ላፍቶን አልፎ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ትልቁም አቃቂ ወደዚያው ይገባል። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውሃ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀልና፣ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ቆቃ ግድብ ይደርሳል። ወንዙ በነዚህ ሰፈሮች ሲያልፍ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ውሃና የጋራዥ ዘይት ይቀበላል፤ በዳርቻውም ያሉ አትክልተኞች ይህንኑ ውሃ እየጠለፉ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ያበቅላሉ። በአቃቂ ውሃና በዳርቻው አትክልት ላይ ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት ክሮሚየምንና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ማዕድናት አግኝተዋል።

ጉዳዩ በአትክልቱ ቢያበቃ ኖሮ ለዚህ ምዕራፍ ባልሆነ ነበር። ቆቃ ግን ከላይ ከሚወርድለት ንጥረ ነገር የተነሣ ውሃው በአረንጓዴ አልጌ የሚሸፈንበት ጊዜ አለ፤ አጥማጆቹ የሚያወጡት ዓሣም በሳጥን ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የመካኒሳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የላፍቶም ቤቶች ቆሻሻ ውሃ ወደ ቆቃ ወርዶ፣ የቆቃ ዓሣ ወደ ጀሞ ይወጣል ማለት ነው። በአንድ ቦይ ዳር መውጫና መግቢያቸው አንድ ለሆነባቸው ለመቶው ባለ ኩሬዎች ካዘንን፣ እኛ ደግሞ በአንድ ቦይ ላይኛው ጫፍ ለቅቀን ከታችኛው ጫፍ የምንበላ አንድ ከተማ ነን። በመካከል ያለው ርቀት ነገሩን ሸፍኖታል እንጂ ሒሳቡን አልለወጠውም። ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያክም ሲለቅ ያተረፈው ብር በመዝገቡ ላይ አለ፤ የቆቃ አጥማጅ ያጣው፣ ዓሣውን የበላው ሰውም በጤናው የሚከፍለው ግን በየትኛውም መዝገብ የለም።

ይህን ሁሉ የሚከለክል ሕግ የለም እንዳይባል፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ በፈቃድና በክፍያ እንዲወሰድ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ እንዲጠየቅ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ማጥመድና ማርባት በሥርዓት እንዲሆኑ ደንግገዋል። ሕጎቹ ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የጎደለው ጉዳቱን በብር ተምኖ ከአጥፊው ኪስ የሚያወጣ የሒሳብ ሥራ ነው።

፮. ትርፍ ሥር ሳይሰድ

ከዚህ ሁሉ ለአስተዳደር የሚሆነው ምክር አራት ነው። መጀመሪያ፣ የዓሣ እርባታ ዘመቻ ውጤት በተቈፈረ ኩሬ ቊጥር አይለካ፤ ኩሬ መቈፈር ቀላል ነውና፣ ሪፖርቱ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ኪሎ ዓሣ ለገበያ እንደ ወጣ፣ ለአንዱ ኪሎም ስንት ኪሎ መኖ እንደ ጠፋ ነው። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ገንዘብ የግለሰብን ኩሬ ከመቈፈር ይልቅ፣ ግለሰብ ብቻውን ሊያቆማቸው ወደማይችላቸው ነገሮች፣ ይኸውም ወደ ጤነኛ ጫጩት፣ ወደ በሽታ ምርመራ፣ ወደ መኖ ጥናትና ወደ በረዶ ቤት ይሂድ፤ ከውጭ አዲስ ዘር ላስገባ የሚለውም ሁሉ ጫጩቱ ለብቻው ተለይቶ እስኪመረመር ይቆይ፤ አንድ የታመመ ጫጩት ምን እንደሚያደርስ የኤኳዶርና የቻይና ታሪክ ነግሮናልና።

ሦስተኛ፣ ውሃ የሚወስድ ሁሉ እንደ ወሰደው መጠን፣ የሚለቅም ሁሉ እንደ ለቀቀው ቆሻሻ መጠን ይክፈል። ይህ ክፍያ የላፍቶን ፋብሪካና የዝዋይን ዳርቻ የአበባ እርሻ ከዓሣ አርቢው እኩል የሚይዝ እንጂ፣ ትንሹን አርቢ እያስከፈለ ትልቁን ለውጭ ምንዛሪ ሲል የሚምር አይሁን። ትልቅ ኩሬ የሚቈፍር ደግሞ ሥራውን ትቶ ሲሄድ መሬቱን ለማዳን የሚበቃ መያዣ አስቀድሞ ያስይዝ፤ በእስያ ባሕር ዳር ተጥለው የቀሩት ጨዋማ ጕድጓዶች ባለቤቶቻቸው ወዴት እንደ ሄዱ የሚነግር የለምና። አራተኛ፣ የምንመርጠው ዘር የአገር ማእድ የሚቀበለው፣ ርካሽ መኖ በልቶ የሚያድገው ቆሮሶና ዱባ የሚባለው ዓሣ ይሁን፤ አምባዛንም ለሚበላው ሕዝብ ማርባት ብልህነት ነው። ዶላር እንዲያመጣ ብቻ ታስቦ የሚረባ፣ ከአገር ሰው ማእድ የማይደርስ ፍጥረት፣ ውሃችንን ወደ ውጭ የምንልክበት ሌላ መንገድ ከመሆን አያልፍም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ፣ ገና ሀብት ያልፈጠረ ዘርፍ በክፍያና በመያዣ ማስጨነቅ ልማትን መግደል ነው ሊል ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ድኻ ገበሬ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ብዙ ወጪ ቢጫንበት ኩሬውን አይቈፍርም። ለዚህም ክፍያው በስፋት ይለይ፤ የጓሮ ኩሬ ነጻ ይሁን፣ ሸክሙም ከሔክታር በላይ በሚይዘው ይጀምር። ይሁን እንጂ ክፍያውን ለሀብታሙም ቢሆን ወደ ፊት እናስተላልፈው የሚለውን አሳብ የህንድ ታሪክ አስቀድሞ መልሶለታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለአስተዳደር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የውሃ ዋጋ ክፈል የሚባለው ሰው ገና ፈቃድ የሚለምን አመልካች ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚባለው ግን ሺሕ ሠራተኛ የሚያስተዳድር፣ ባንክ ያበደረው፣ ለመንግሥት ዶላር የሚያመጣ ባለጸጋ ይሆናል። አመልካቹ ሕጉን ይቀበላል፤ ባለጸጋው ግን ሕጉን ያስተካክለዋል።